ሁለት ስለሆነ ብቻ አትመኚው

ልጄ፣ የትልቅ ቀዝቃዛ መጋዘን የኮንትሮል ሥራ እንደተረከብሽ እናትሽ ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሙያ ነው። በደንብ ሲሠራ ማንም ልብ አይለውም፣ ሲበላሽ ግን አገር ይሰማዋል። ከሞጆ ቄራዎች የሚወጣው የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚበረው፣ የሆለታ ጽጌረዳ ሳይጠወልግ ቦሌ የሚደርሰው፣ ክትባቱ ኃይሉን ሳያጣ ጤና ጣቢያ የሚገባው አንድ ባለሙያ ፓኔል ፊት ቆሞ አስቀድሞ በደንብ ስላሰበ ነው።

በስልክ ስናወራ “ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነው፤ ስታንድባይ አለን” ብለው እንዳስረከቡሽ ነግረሽኛል። ያቺ ንግግር ከልቤ አልወጣ ስላለች ነው ይህን የምጽፍልሽ። መሣሪያ ሁለት በመሆኑ ብቻ አይታመንም። ሁለተኛው ለምን እንደቆመ፣ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ሊሞት ይችል እንደሆነ፣ በቅርብ ጊዜ ሲሠራ ያየው ሰው መኖሩን ማወቅ ይቀድማል።

1. ሁለተኛው ለምን እንደተገዛ ጠይቂ።

መጠባበቂያ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ያደባልቀዋል። አንደኛው ማሽኑ እንዳይቆም ማድረግ ነው፦ አንድ ኮምፕሬሰር ሲወድቅ ሌላው እንዲነሣ፣ አንድ ፓምፕ ሲነክስ ቀጣዩ እንዲረከብ። ሌላው ማሽኑ መቆም ባለበት ሰዓት የግድ እንዲቆም ማድረግ ነው፦ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ፣ የዘይት ግፊት ሲወርድ፣ ፈሳሽ አሞኒያ ሞልቶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ሊገባ ሲል። ለመጀመሪያው መሣሪያዎቹ ጎን ለጎን፣ በፓራለል ይገጠማሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ያስኬዳል። ለሁለተኛው በሲሪስ ይገጠማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ “ቁም” ካለ ይቆማል።

እነዚህ ሁለት ፍላጎቶች እርስ በርስ ይሻማሉ። በሲሪስ የሚገባ ጥበቃ በበዛ ቁጥር ማሽኑ ያለ ምክንያት የመቆም ዕድሉም ይበዛል። በየሳምንቱ በከንቱ የሚያቆም ስዊች የሌሊቱን ተረኛ ያሰለቸዋል፤ አንድ ቀን ስዊቹን አዘልሎ ዳይሬክት ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጥበቃው ስሙ እንጂ እሱ የለም። በፓራለል የሚገባው ደግሞ ሲበዛ ማቆም ያስቸግራል። ኮንታክተርን ውሰጂ። መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ኮንታክተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቦቹ እየነደዱ ይጣበቃሉ። ማሽኑን የሚያዘው ኮንትሮለር፣ ፒኤልሲው፣ ኮይሉን ቢለቅም ሞተሩ መዞሩን ይቀጥላል። ለዚህ የሚበጀው በሲሪስ የገባ ሁለተኛ ኮንታክተር ነው። ከዚያም የኮንታክተሩን ረዳት ነጥብ ወደ ፒኤልሲው መልሰሽ፣ የታዘዘው መፈጸሙን ማሽኑ ራሱ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥንድ ፊት ቁሚና “ይህ እንዲሄድ ነው ወይስ እንዲቆም?” ብለሽ መልሱን በደብተርሽ ጻፊ። መልስ የማታገኚለት ጥንድ ይኖራል፤ ሥራሽን ከእሱ ጀምሪ።

2. ሲበላሽ ወዴት እንደሚያጋድል ሳታውቂ ሴንሰር አትግጠሚ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀጭኗ ሽቦ ነውና። ፒቲ 100 የሚባለው ሴንሰር በ0 ዲግሪ 100 ኦም ነው። ሙቀት ሲጨምር ኦሙም ይጨምራል፤ በ100 ዲግሪ 138.5 ይደርሳል። ሽቦው ሲበጠስ ኦሙ ወሰን ያጣል፣ ለኮንትሮለሩም ክፍሉ እቶን የሆነ ይመስለዋል። ኮምፕሬሰሩን ያለ ዕረፍት ይነዳዋል። ኤንቲሲ የሚባለው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ኦሙ የሚጨምረው ሲቀዘቅዝ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ክፍሉ ከልክ በላይ የበረደ መስሎት ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል። ብልሽቱ አንድ ሆኖ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው።

የትኛው ይሻላል? የሚወስነው ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ነው። አይስክሬም በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የተቀመጠበት ክፍል ማሽኑ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ በብዛት የሚጎዳው የመብራት ሂሳቡ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ያለበት የክትባት ክፍል ግን ሌላ ነገር ነው። አሉሚኒየም ያለባቸው ክትባቶች፣ ፔንታቫለንትና ሄፓታይተስ ቢን የመሳሰሉት፣ አንዴ በረዶ ከሆኑ ኃይላቸው ይጎዳል፤ ከቀለጡ በኋላ ደግሞ ብልቃጡን ለሚያይ ሰው ደህና ሊመስሉ ይችላሉ። የሚከተበው ሕፃን ተከትቧል ተብሎ ይመዘገባል፣ ከበሽታው ግን ላይጠበቅ ይችላል። ይህን ሳስብ አሁንም ልቤ ይረበሻል። ለእንዲህ ያለው ክፍል “ሞቀ” ብሎ የሚጮህ አላርም ብቻውን አይበቃም፤ “በረደ” ብሎ የሚጮህ፣ ከዋናው ኮንትሮለር ውጭ የሆነ፣ ኮምፕሬሰሩን በራሱ መንገድ የሚቆርጥ ቴርሞስታት የግድ ነው።

ብዙዎቹ የዛሬ ኮንትሮለሮች ሴንሰራቸው መሞቱን ያውቃሉ። ሴንሰሩ ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ ስንት ደቂቃ ይሥራ፣ ስንት ደቂቃ ይረፍ የሚል ማስተካከያም አላቸው። አብዛኛው ሰው ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። አንቺ ግን ክፈቺና እዪው። ክፍሉ ጤነኛ ሳለ ኮምፕሬሰሩ በሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ በበጋም በክረምትም መዝግቢ፤ ያንን ቁጥር ስጪው። ሴንሰር ቢሞት እንኳ ጥገና እስኪደርስ ክፍሉ ከቀድሞ ልማዱ ብዙ ሳይርቅ ይቆይልሻል።

የግፊት ትራንስሚተሮች ደግሞ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር የሚልኩት በምክንያት ነው። ዝቅተኛው ንባብ 4 ነው፤ 0 ከመጣ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ኃይሉ ጠፍቷል ማለት ነው። የፕሮግራሙ ጸሐፊ 0ን “ግፊት የለም” ብሎ እንዲነበብ አድርጎት ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱን ሽቦ ነቅለሽ ስክሪኑ ምን እንደሚል በዓይንሽ እዪ።

ሁለት ሴንሰሮች ሲለያዩ የቱ እንደሚዋሽ ከቁጥሩ ብቻ አታውቂም። ሦስት ሲሆኑ ግን የመካከለኛውን መያዝ ትችያለሽ። 2.1፣ 2.4 እና 9.8 ካነበቡ ማሽኑ በ2.4 ይሂድ፣ 9.8 ያለው ለጥገና ይጠቆም። ለሦስት የሚሆን ገንዘብ ከሌለ አንዱ ለቁጥጥር፣ ሌላው ለገደብ ይሁን፤ ልዩነታቸው ሲሰፋም አላርም ይስጥ።

3. አብረው የሚሞቱትን ለያዪያቸው።

ሁለት ዘበኛ ቀጥሮ ሁለቱንም በአንድ በር ላይ ማቆም ጓሮውን አይጠብቅም። ሁለት ፒኤልሲ ገዝቶ ሁለቱንም ከአንድ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ላይ ማንጠልጠል እንደዚያው ነው፤ ሰፕላዩ ሲሞት ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ። በማሽን ሩሙ እርጥበት መሃል አንድ ፓኔል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ካርዶች አብረው ይዝጋሉ። በአንድ ኪስ ውስጥ የገቡ ሁለት ሴንሰሮች ያ ኪስ በረዶ ሲጋግር አንድ ዓይነት ውሸት ይናገራሉ። ሁለት ፓምፕ አንድ ማጣሪያ ከተጋሩ፣ ማጣሪያው ሲደፈን ሁለቱም ውሃ ያጣሉ። አንድ ዓይነት ፕሮግራም የተጫነባቸው ሁለት ኮንትሮለሮችም የፕሮግራሙ ስሕተት በአንድ ሰዓት ይመታቸዋል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማያስበው ነው።

የኤሌክትሪኩን ሥዕል አውጪ፤ ከሁለቱ መሣሪያዎች ተነሥተሽ በጣትሽ ወደ ኋላ ተከተዪ። የት ይገናኛሉ? በአንድ ፊውዝ? በአንድ ብሬከር? በአንድ ፌዝ? የሚገናኙበት ቦታ እውነተኛ ድክመትሽ ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ከሁለት የተለያየ ፌዝ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብሬከር፣ በዳዮድ ተጣምረው ፒኤልሲውን ይመግቡት። ወጪው ከአንድ ጭነት ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።

ሒሳቡንም አለቆችሽ እንዲያዩት አድርጊ። አንድ መሣሪያ ከ100 ጊዜ አንዴ የሚከዳ ቢሆን፣ ፍጹም የተለያዩ ሁለት መሣሪያዎች አብረው የሚከዱት ከ10,000 አንዴ ነው። ነገር ግን ከ10 ብልሽት አንዱ ሁለቱንም የሚነካ የጋራ ብልሽት ከሆነ፣ አብረው የሚከዱት ከ1,000 አንዴ ገደማ ይሆናል። ገንዘቡ ለሁለት መሣሪያ ተከፍሏል፣ ጥበቃው ግን ከታሰበው አንድ አሥረኛ ሆኗል።

4. የመጨረሻው ጥበቃ በፒኤልሲ ውስጥ አይለፍ።

የከፍተኛ ግፊት ስዊች፣ የዘይት ግፊት ስዊች፣ የሞተር ኦቨርሎድ፣ የፈሳሽ ደረጃ ገደብ እና የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ በደህና ጊዜ ዝግ በሆኑ ነጥቦች፣ አንዱ ከሌላው ጋር በሽቦ ተያይዘው በቀጥታ የኮንታክተሩን ኮይል ይቁረጡ። ሽቦው ቢበጠስ፣ ነጥቡ ቢዝግ፣ ኃይል ቢጠፋ ማሽኑ ይቁም። ፒኤልሲው ያንብባቸው፣ የቱ እንደቆረጠ ይንገርሽ፤ ፈቃድ ሰጪ ግን አይሁን። ማኑዋል ላይ ሲሆንም ይኸው ሰንሰለት በሥራ ላይ መሆን አለበት። ብዙ ፓኔል ላይ የማኑዋሉ መስመር ጥበቃዎቹን ዘሎ ያልፋል፤ ይህን ካየሽ ሳታድሪ አስተካክዪው።

በ1984 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሕንድ ቦፓል ከደረሰው እልቂት በፊት መርዛማውን ፈሳሽ ቀዝቃዛ አድርጎ ለማቆየት የተሠራው ማቀዝቀዣ ሥራ አቁሞ ነበር። የሚያመልጠውን ጋዝ ማቃጠል የነበረበት ማማም ከመስመር ውጭ ነበር። ጥበቃዎቹ በወረቀት ላይ ብዙ ነበሩ፤ በዚያች ሌሊት ግን ሕዝቡን አላዳኑም። ዳይሬክት የተደረገ ስዊች ባየሽ ቁጥር ይህ ትዝ ይበልሽ። ለጊዜው የግድ መደረግ ካለበት ማን እንዳደረገው፣ ለምን፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚለው ተጽፎ፣ ቀይ ምልክት ተንጠልጥሎበት፣ ሽፍት መሪው ፈርሞበት ይሁን።

5. መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ተጠንቀቂ።

መብራት ሲሄድ ሁሉም ይጨነቃል፤ ሲመጣ ሁሉም እፎይ ይላል። አደጋው ያለው ከእፎይታው በኋላ ነው።

ነሐሴ 2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ አላባማ፣ ቲዮዶር በተባለች ከተማ፣ ሚላርድ በተባለ ትልቅ የአሞኒያ ቀዝቃዛ መጋዘን የሆነውን የአገሪቱ የኬሚካል ደህንነት መርማሪ ቦርድ በዝርዝር ጽፎታል። መብራት ከ7 ሰዓት በላይ ጠፍቶ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ማሽኑን መልሶ በማስነሣት ሂደት አንድ ኦፐሬተር በኮንትሮል ሲስተሙ ላይ አላርሞቹን አጸዳ። በዚያን ጊዜ አንድ ኢቫፖሬተር ዲፍሮስት ላይ፣ ማለትም በረዶውን በማቅለጥ ላይ ነበር፤ ውስጡ በከፍተኛ ግፊት ትኩስ ጋዝ ሞልቷል። አላርሙ ሲጸዳ ሲስተሙ ዑደቱን ከመጀመሪያ አስጀመረው፤ ዲፍሮስቱ እንዳልተጠናቀቀ አላስታወሰም። ግፊቱ ቀስ ብሎ ሳይለቀቅ ቫልቩ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ተከፈተ። ትኩሱ ጋዝ ፈሳሹን አሞኒያ በኃይል ገፋው፤ ጣሪያ ላይ የነበረው 12 ኢንች ቧንቧ ተሰነጠቀ። ከ14 ቶን በላይ አሞኒያ ወጣ። ከ150 በላይ ሰዎች ተጋለጡ፤ አብዛኞቹ በአቅራቢያው የባሕር ዘይት ፍሳሽ ሲያጸዱ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። 32ቱ ሆስፒታል ገቡ፣ 4ቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኙ።

እዚያ የጎደለው መለዋወጫ አልነበረም። የጎደለው የኮንትሮሉ ማስታወስና ወደ ደህናው ወገን ማዘንበል ነው። መብራት በየጊዜው በሚቆራረጥበት አገር ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሚከተሉትን በፕሮግራምሽ ውስጥ ፈልጊ፤ ከሌሉ አስገቢ። ዲፍሮስት ላይ የነበረ ኢቫፖሬተር ኃይል ሲመለስ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዝ አይግባ፤ መጀመሪያ ግፊቱን በትንሹ ቫልቭ ይልቀቅ። ደረጃው ኃይል ቢጠፋም በማይጠፋ ማኅደር ይቀመጥ፤ ማኅደሩ አጠራጣሪ ከሆነም ሲስተሙ “ዲፍሮስት ላይ ነበርኩ” ብሎ ይገምት። ኮምፕሬሰሮቹ በየደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ይነሡ፤ አብረው ከተነሡ ቮልቴጁ ወርዶ ጀነሬተሩንም ብሬከሩንም ይጥላሉ። ቅደም ተከተሉን በእጅ መለወጥ የሚችለው የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን፣ የይለፍ ቃልም ይኑረው። መርማሪዎቹ ብዙ ኢቫፖሬተሮችን በአንድ የቫልቭ ስብስብ ሥር አለማሰባሰብንም መክረዋል፤ አዲስ ክፍል ሲሠራ ይህን ከኢንጂነሮቹ ጋር ተነጋገሪበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቧንቧ ከፈነዳ በኋላ የቱ መስመር እንደሆነ እየፈለጉ መቆየት የሚፈሰውን ያበዛዋል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ለመጫን የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ። ይህንን ከአለቃሽ ጋር በሰላሙ ቀን ተስማሚ፤ በጽሑፍም ይሁን።

6. ተጠባባቂውን አሥሪው።

ሥራ ላይ ያለ ፓምፕ ሲበላሽ ወዲያው ታውቂያለሽ። ተጠባባቂው ግን ሞቶ ለወራት ሊቆም ይችላል፣ ማንም አያውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? በቋሚ ቀን መሪነቱን አቀያይሪ። የጀነሬተሩን ባትሪ፣ የዩፒኤሱን ባትሪ በእውነተኛ ጭነት ሞክሪ። የግፊት ስዊቾቹን በሰሌዳቸው ላይ በተጻፈው ሳይሆን በትክክል በቆረጡበት ቁጥር መዝግቢ። ዋናውን ፒኤልሲ ሆን ብለሽ አጥፊና ሁለተኛው በስንት ሰከንድ እንደተረከበ፣ ሲረከብ የትኛው ቫልቭ እንደተንቀሳቀሰ እዪ። ይህን በመጀመሪያ የምታደርጊው መጋዘኑ ባዶ ወይም ጭነቱ ትንሽ በሆነበት ቀን ነው።

የኮምፕሬሰሮቹን የሥራ ሰዓት እኩል አድርጊ የሚሉሽ ይኖራሉ። እኔ አልስማማም። እኩል የሠሩ ሁለት ኮምፕሬሰሮች እኩል ያረጃሉ፣ በአንድ ወርም ሊወድቁ ይችላሉ። አንዱን የበለጠ አሥሪው፤ ሌላውን ጤንነቱ እንዲታወቅ ያህል ብቻ።

7. የምትሠሪበትን ከፍታ አትርሺ።

አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠረፍ 101። አሞኒያ በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ፍጹም ግፊቱ 119 ያህል ነው። ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር የበለጠውን ብቻ ስለሆነ፣ ጠረፍ ላይ ያለ ጌጅ 18 ያነባል፤ አዲስ አበባ ላይ ያለው 43። ከውጭ የመጣ ሠንጠረዥ አምነሽ ዝቅተኛውን ገደብ 18 ላይ ብታስቀምጪ፣ ማሽኑ እስከ 35 ከዜሮ በታች ድረስ ሳይቆም ይወርዳል። አሮጌው ትራንስሚተር ጌጅ፣ አዲሱ ፍጹም ግፊት የሚያነብ ከሆነም ሁለቱ ሁልጊዜ ይለያያሉ፣ ንጽጽሩም ከንቱ ይሆናል። የሙቀት ሴንሰር ስታመሳክሪ ደግሞ የተፈጨ በረዶ ከንጹሕ ውሃ ጋር ተጠቀሚ፤ በፈላ ውሃ አይሆንም፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላልና።

8. የጋዝ ጠቋሚውን ቦታ እዪ።

አሞኒያ ከአየር ይቀላል፤ ጠቋሚው ከላይ ይሁን። ፍሪዮን ይከብዳል፤ ጠቋሚው ከታች ይሁን። የአሞኒያ ጠቋሚ ሴሉ በጊዜ ይደክማል፣ ሲደክምም ዝም ይላል፤ በሙከራ ጋዝ ፈትሺው። ከሚሊዮን 300 እጅ አሞኒያ ያለበት አየር ለሕይወት አስጊ ነው፤ “ሽታውን ለምደነዋል” የሚልሽን ሰው አትከተዪ።

9. ገንዘቡ ካልበቃ ከዚህ ጀምሪ።

አለቆችሽ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይገዙልሽም። መጀመሪያ የጥበቃውን ሰንሰለት በቀጥታ ሽቦ ማስተካከል ይቅደም፤ የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ ሽቦና የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ቀጥሎ ለየክፍሉ ለብቻው የሚቆም የሙቀት ገደብና በስልክ የሚጠራ አላርም፣ አላርሙም የራሱ ባትሪ ያለው። ከዚያ የኃይል አቅርቦቱን መለየት። ከዚያ ፒኤልሲው ቢሞት አንድ ኮምፕሬሰር በቴርሞስታት ብቻ የሚሄድበት መስመር፤ ይህንን መስመር ቢያንስ ሁለት ሰዎች ጨለማ ውስጥም ቢሆን ማስነሣት ይቻሉ። ሻጮች ቀድመው የሚያቀርቡልሽ ሁለተኛ ፒኤልሲ ነው፤ እሱ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

የፓኔሉን ሥዕል ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ከፓወር ሰፕላዩ ጀምረን ቅዳሜ ማታ በስልክ ገጽ በገጽ እናየዋለን።